ከፒዬዞኤሌክትሪክ ጀርባ ያለው ኤሌክትሮስትሪክሽን

ነፍሰ ጡሯ ጋደም ትላለች። ባለሙያው ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባና በመዳፍ የምትያዝ መሣሪያ ያሳርፍበታል። ወዲያው ስክሪኑ ላይ የጽንሱ ልብ ትር ትር ስትል ትታያለች። ፕሮብ የምትባለው ያቺ የአልትራሳውንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ አፍም ጆሮም ናት። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ እየተርገበገበች የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ትልካለች። ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ይጫናታል፤ እሷም ጫናውን መልሳ ኤሌክትሪክ ታደርገዋለች። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ውስጧ የተደረደረ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ስስ የሴራሚክ ወይም የክሪስታል ቁራጭ ነው።

ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የመስጠት፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ ቅርፁን የመለወጥ ባሕርይ ፒዬዞኤሌክትሪክ ይባላል። ስሙ የመጣው «መጫን» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ይበልጥ የሚያተኩረው ስሙ እምብዛም በማይነሳ ሌላ ባሕርይ ላይ ነው፤ ኤሌክትሮስትሪክሽን ይሉታል። ከሁለቱ ደካማ መስሎ የሚታየው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ምርጥ የሚባሉት የፒዬዞኤሌክትሪክ ቁሶች ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከእሱ ነው። ቁሶቹን ለማሻሻል የሚደክም ሰው አስቀድሞ እሱን ሊያውቅ ይገባል።

ታሪኩ የሚጀምረው ፓሪስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 የ21 ዓመቱ ፒየር ኩሪ እና የ24 ዓመቱ ወንድሙ ዣክ ኩሪ ኳርትዝን፣ ቱርማሊንን፣ ሮሼል ጨው የሚባለውን እና ሌሎች ክሪስታሎችን እየተጫኑ በገጻቸው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳዩ። ከፈተኗቸው መካከል የሸንኮራ አገዳ ስኳር ክሪስታልም ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት ገብርኤል ሊፕማን የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነገሩ በተቃራኒውም መሥራት እንዳለበት በሒሳብ አረጋገጠ፤ ወንድማማቾቹም ሞክረው እውነት ሆኖ አገኙት። ግኝቱ ለኩሪ ቤተሰብ ሌላም ፍሬ አፍርቷል። ማሪ ኩሪ ከዩራኒየም የሚወጣውን ጨረር የለካችው ወንድማማቾቹ በሠሩት የኳርትዝ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም የተገኙት በዚያ መለኪያ እርዳታ ነው።

ኳርትዝ በመጠን ሲታይ ደካማ ነው። 1 ቮልት ቢሰጡት የሚረዝመው 2.3 ፒኮሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፒኮሜትር ማለት አንድ ሜትር ለትሪሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ርዝመት ነው፤ ብዙዎቹ አቶሞች እንኳ ከ100 ፒኮሜትር በላይ ስፋት አላቸው። ኳርትዝ በጽናቱ ግን ተወዳዳሪ የለውም። በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ቁራጭ በሰከንድ 32,768 ጊዜ እየተርገበገበች ጊዜ ትቆጥራለች። ለሰዓት ጽናት ይበቃል፤ የጽንስ ልብ ለማሳየት ግን ብርታት ያስፈልጋል። ብርታቱ የተገኘው በሌላ መንገድ ነው።

ፒዬዞኤሌክትሪክ መራጭ ነው። ክሪስታሎች በአቶሞቻቸው አደራደር በ32 ምድቦች ይከፈላሉ፤ ይህ ባሕርይ የሚገኘው በ20ዎቹ ብቻ ነው። ነገሩ የሚዛን ጉዳይ ነው። ከማዕከሉ በአንድ አቅጣጫ ያለው አቶም ሁሉ በተቃራኒው አቅጣጫም አምሳያ ካለው፣ ክሪስታሉን ቢጫኑት የአዎንታዊና የአሉታዊ አዮኖቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙት አቶሞቹ፣ ማዕከል አይለያይም። ማዕከላቸው ካልተለያየ ደግሞ ኤሌክትሪክ አይወጣም።

ኤሌክትሮስትሪክሽን እንዲህ ያለ ምርጫ አያውቅም። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ሁሉ ይህ ባሕርይ አለው፤ መስታወትም፣ ፕላስቲክም፣ ፈሳሽም ሳይቀር። እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አቶሞችን የሚያያይዙትን ትስስሮች እንደ ጥቃቅን ሞላዎች እናስባቸው። ቁሱ በሁለት የብረት ገጾች መካከል ተደርጎ ቮልቴጅ ሲሰጠው አዎንታዊ አዮኖች ወደ አንድ ወገን፣ አሉታዊዎቹ ወደ ሌላው ይጎተታሉ። በዚህ ጉተታ ከሞላዎቹ ከፊሉ ይለጠጣል፣ ከፊሉ ይጨመቃል። ሞላዎቹ ለመለጠጥም ለመጨመቅም እኩል እሺ ባዮች ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱ ተጣፍተው የቁሱ ርዝመት ባልተለወጠ ነበር። የአቶሞች ትስስር ግን ከመጨመቅ ይልቅ መለጠጥ ይቀለዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሲጣፉ ትንሽ ልዩነት ይተርፋል። ኤሌክትሮስትሪክሽን የምንለው ያንን ትርፍ ነው።

አዮኖቹ በዚህ ዓይነት ከቦታቸው ፈቀቅ ማለታቸው ፖላራይዜሽን ይባላል። የቁሱ ርዝመት የሚለወጠው በፖላራይዜሽኑ ልክ ሳይሆን በፖላራይዜሽኑ ካሬ ነው፤ ማለትም ፖላራይዜሽኑ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ። ይህ ሕግ ቀላል ቢመስልም የጽሑፋችን ቁልፍ ስለሆነ ጠበቅ አድርገን እንያዘው። ቮልቴጁ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ መስክ አቅጣጫ ብንገለብጠው በውጤቱ ላይ ለውጥ አይመጣም፤ የ3 ካሬ 9 ነው፣ የአሉታዊ 3 ካሬም 9 ነው። በዚያ ላይ ትንሽ ነገር በራሱ ሲባዛ ይበልጥ ያንሳል። ለዚህ ነው በተራ ቁሶች ላይ ኤሌክትሮስትሪክሽን ከቁም ነገር የማይገባው።

የአቅጣጫውን ነገር ዘመዱ በሆነ ሌላ ባሕርይ በኩል በጆሮ መስማት ይቻላል። በአገራችን መስመሮች የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ምልልስ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ስለሚገፋ፣ የካሬውን ሕግ የሚከተል ቁስ በሰከንድ 100 ጊዜ ይረዝማል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሌሊት ሌሊት እምም የሚለው በዚሁ ሕግ ነው። እዚያ ብረቱን የሚያርገበግበው የማግኔት መስክ በመሆኑ ባሕርዩ ማግኔቶስትሪክሽን ይባላል፤ ለኤሌክትሮስትሪክሽን የአጎት ልጅ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ደካማው ብርቱውን እንዴት ይወልዳል? መልሱ ያለው ፌሮኤሌክትሪክ በሚባሉ ቁሶች ውስጥ ነው። እነዚህ ቁሶች ማንም ቮልቴጅ ሳይሰጣቸው በራሳቸው ፖላራይዜሽን ይዘው የሚገኙ ናቸው፤ የፖላራይዜሽናቸውንም አቅጣጫ በውጭ መስክ መገልበጥ ይቻላል። ባሕርዩን መጀመሪያ የለየው ጆሴፍ ቫላሴክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሮሼል ጨውን ሲመረምር አገኘው። «ፌሮ» ብረትን የሚያመለክት ቃል ነው፤ ስሙ የተሰጣቸው ግን ጠባያቸው የብረት ማግኔትን ስለሚመስል እንጂ ውስጣቸው ብረት ስላለ አይደለም።

ለማስተማር ከሁሉም የሚመቸው ባሪየም ታይታኔት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በአሜሪካ፣ በሶቭየት ኅብረትና በጃፓን የነበሩ ተመራማሪዎች በየበኩላቸው የደረሱበት ቁስ ነው። እኩል ጎን ያለው እጅግ ትንሽ ሳጥን እናስብ። በስምንቱ ማዕዘኖች ባሪየም፣ በስድስቱ ገጾች መሃል ኦክስጅን፣ በሳጥኑ እምብርት አንድ ታይታኒየም አለ። ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሆን ታይታኒየሙ እምብርቱ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሲወርድ ግን ፈቀቅ ብሎ አንዱን ገጽ ይጠጋል፤ ሳጥኑም ወደዚያው አቅጣጫ ይለጠጥና ቁመቱ ከወርዱ በ1 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ይህ የሙቀት ወሰን በፒየር ኩሪ ስም የኩሪ ሙቀት ተብሏል።

ሳጥኑ የረዘመው ማንም ቮልቴጅ ሳይሰጠው መሆኑን ልብ ይሏል። የለጠጠው የገዛ ራሱ ፖላራይዜሽን ነው። ኤሌክትሮስትሪክሽን ከእኛ ቀድሞ ሥራውን ጀምሯል።

አሁን ወደ ካሬው ሕግ እንመለስ፤ ጥቂት ቁጥሮች ይበቁናል። ተራ ቁስ ፖላራይዜሽኑ 0 ነው እንበል። መስኩ 1 ቢጨምርለት ካሬው 1 ነው፤ 1 ቢቀንስለትም ካሬው ያው 1 ነው። ለውጡ ትንሽ ነው፣ አቅጣጫም አይለይም። ፌሮኤሌክትሪኩ ግን አስቀድሞ 10 ላይ ቆሟል፤ የ10 ካሬ 100 ነው። 1 ሲጨመርለት 11 ይሆናል፤ የ11 ካሬ 121 ስለሆነ ለውጡ 21 ጭማሪ ነው። 1 ሲቀነስለት 9 ይሆናል፤ የ9 ካሬ 81 ስለሆነ ለውጡ 19 ቅናሽ ነው። ያው የ1 እርምጃ ሃያ እጥፍ ያህል ውጤት ሰጠ። ከዚህም በላይ ቁሱ አቅጣጫ መለየት ጀመረ፤ መስኩ በአንድ ወገን ሲመጣ ይረዝማል፣ በሌላው ሲመጣ ያጥራል። ይህ ደግሞ የፒዬዞኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። በፌሮኤሌክትሪክ ቁስ ውስጥ ፒዬዞኤሌክትሪክ የምንለው፣ የውስጥ ፖላራይዜሽን መነሻ የሆነለትን ኤሌክትሮስትሪክሽን ነው።

በሒሳብ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። 2፣ የቁሱ የኤሌክትሮስትሪክሽን መጠን፣ የውስጥ ፖላራይዜሽኑ እና ፐርሚቲቪቲው አንድ ላይ ሲባዙ የፒዬዞኤሌክትሪኩን መጠን ይሰጣሉ። ፐርሚቲቪቲ የቁሱ አዮኖች ለውጭ መስክ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚታዘዙ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ሕጉን በባሪየም ታይታኔት እንፈትነው። አንድ ወጥ ፖላራይዜሽን ባለው ክሪስታል በዓለም አቀፍ መለኪያዎች የኤሌክትሮስትሪክሽኑ መጠን 0.11፣ የውስጥ ፖላራይዜሽኑ 0.26 ነው። ፐርሚቲቪቲው የባዶ ሕዋ 168 እጥፍ ነው፤ የባዶ ሕዋ ደግሞ 8.85 ትሪሊዮንኛ ነው። በስልክዎ ካልኩሌተር 2፣ 0.11፣ 0.26፣ 168 እና 8.85ን ያባዙ። 85 ያገኛሉ፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ቮልት 85 ፒኮሜትር ማለት ነው። በመሣሪያ የተለካው 85.6 ነው።

ፋብሪካ የሚያመርተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሪስታል ሳይሆን ሴራሚክ ነው፤ እንደ ሸክላ ዱቄቱ ቅርፅ ይዞ ይተኮሳል። በሴራሚክ ውስጥ ፖላራይዜሽናቸው አንድ ወገን የሆነ ጥቃቅን ክልሎች ጎራ ለይተው ይቀመጣሉ፤ ዶሜን ይባላሉ። ከምድጃ እንደወጣ ጎራዎቹ በየአቅጣጫው ስለሚመለከቱ አንዱ የሌላውን ያጣፋል። ስለዚህ ብርቱ መስክ ይጫንባቸውና ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን እንዲያዞሩ ይገራሉ። ሥራው ፖሊንግ ይባላል። የተገራ የባሪየም ታይታኔት ሴራሚክ 190 ፒኮሜትር በቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ከክሪስታሉ የበለጠው የጎራዎቹ ድንበር መንቀሳቀስና መስኩ በሰያፍ የሚያመጣው ለውጥ ስለሚታከሉበት ነው።

ቀመሩ ቁስ ለሚያሻሽል ሰው የትኛውን ጫፍ እንደሚይዝ ይነግረዋል። የውስጥ ፖላራይዜሽንን ብዙ ማሳደግ አይቻልም፤ አዮን ከቦታው የሚሸሸው የተወሰነ ርቀት ነው። የኤሌክትሮስትሪክሽኑ መጠን ደግሞ በሙቀት እንኳ ብዙም የማይለወጥ ግትር ቁጥር ነው። ስለዚህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አብዛኛው ድካም የዋለው ፐርሚቲቪቲውን በማሳደግ፣ በሌላ አነጋገር አዮኖቹን እሺ ባይ በማድረግ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ድል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በዋሽንግተን የአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው በርናርድ ጃፌና ባልደረቦቹ እርሳስ የተባለውን ከባድ ብረት፣ ዚርኮኒየምንና ታይታኒየምን የያዘ ሴራሚክ መረመሩ፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ፒዜድቲ ይባላል። ዚርኮኒየሙ 52፣ ታይታኒየሙ 48 እጅ ገደማ ሲሆን ቁሱ በሁለት የክሪስታል ቅርፆች ድንበር ላይ ይወድቃል። አዮኖቹ ወደ የትኛው ቅርፅ እንደሚያደሉ መወሰን አቅቷቸው ይዋልላሉ፤ የሚዋልል ደግሞ በትንሽ ግፊት ይሄዳል። የዛሬዎቹ ምርጥ የፒዜድቲ ዓይነቶች ወደ 600 ፒኮሜትር በቮልት ይደርሳሉ። አብዛኛው የአልትራሳውንድ መሣሪያ የኖረው በዚህ ቁስ ነው።

በዚያው በ1950ዎቹ ሌኒንግራድ ውስጥ ስሞሌንስኪ እና ባልደረቦቹ እርሳስ፣ ማግኒዥየምና ኒዮቢየም ያለበት እንግዳ ቁስ አገኙ። ሪላክሰር ከሚባለው ወገን ነው። ውስጡ ሰፋፊ ጎራዎች የሉም፤ በናኖሜትር የሚለኩ፣ በየአቅጣጫው የሚያዩ ጥቃቅን ክልሎች ናቸው ያሉት። የውስጥ ፖላራይዜሽናቸው እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ቁሱ ፒዬዞኤሌክትሪክ ሆኖ አይታይም፤ ፐርሚቲቪቲው ግን ከባዶ ሕዋ ከ10,000 እጥፍ በላይ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ክሮስና ባልደረቦቹ በዚህ ቁስ ላይ የተመሠረተ ሴራሚክ በኤሌክትሮስትሪክሽን ብቻ ከሺህ አንድ እጅ ያህል እንደሚረዝም አሳዩ። አንድ ሴንቲሜትር ቁራጭ በ10 ማይክሮሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ለደካማው ባሕርይ ይህ ትልቅ ቀን ነበር።

ኋላም ቁም ነገር ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀው የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ዋና መስታወቱ ጠርዙ ላይ በ2.2 ማይክሮሜትር ገደማ ተሳስቶ ስለተሞረደ ምስሉ ይደበዝዝ ነበር። በዲሴምበር 1993 ጠፈርተኞች ስህተቱን የሚያርም አዲስ ካሜራ ገጠሙለት። በካሜራው ውስጥ ብርሃኑ በትክክል ማረሚያው ላይ እንዲያርፍ አቅጣጫቸው ከምድር የሚስተካከል ሦስት ትንንሽ መስታወቶች ነበሩ፤ የሚያዘነብሏቸውም የዚህ ሪላክሰር ቁራጮች ናቸው። ለዚህ ሥራ ፒዬዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ ያልተመረጠበት ምክንያት አለው። የተገራ ሴራሚክ በጊዜ ብዛት መገራቱን ይረሳል፤ ቮልቴጁ ሲነሳም በትክክል ወደ ነበረበት አይመለስም። ሪላክሰሩ ግን ቀድሞ አልተገራምና የሚረሳው ነገር የለውም፤ ቮልቴጁ ሲነሳ ከሞላ ጎደል ወደ ቦታው ይመለሳል።

ቀጣዩ እርምጃ ሪላክሰሩን ከተራ ፌሮኤሌክትሪክ፣ ከሌድ (እርሳስ) ታይታኔት ጋር አዋሕዶ ትልቅ ፐርሚቲቪቲና የውስጥ ፖላራይዜሽን በአንድ ቁስ ማግኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 እዚያው ፔንስልቬኒያ ፓርክ እና ሽራውት የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ካለ ውሑድ ያሳደጓቸው ክሪስታሎች ከ2,000 ፒኮሜትር በቮልት በላይ ሰጡ። ዛሬ ጥራታቸው ከፍ ያለ የአልትራሳውንድ ፕሮቦች የሚሠሩት ከዚሁ ቤተሰብ በወጡ ክሪስታሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፌይ ሊ እና ባልደረቦቹ ሳማሪየም የተባለውን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ጨምረው የቁሱን የውስጥ ሥርዓት ሆን ብለው አወኩት፤ አዮኖቹ ይበልጥ ዋለሉ፣ ሴራሚኩም 1,500 ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት በክሪስታል ሲሞክሩት ከ3,400 እስከ 4,100 አገኙ። ከኳርትዙ 2.3 ጋር ሲተያይ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው።

ዋጋው ግን መነገር አለበት። እሺ ባይ አዮን ለሙቀትም እሺ ይላል። 1,500 የሰጠው ሴራሚክ የኩሪ ሙቀቱ 89 ዲግሪ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና ይህ ምርጥ ቁስ ገና ለሻይ የተጣደው ውሃ ሳይፈላ ፌሮኤሌክትሪክነቱን ያጣል። ለመኪና ሞተር፣ ለጄት ወይም ለጥልቅ ጉድጓድ መመርመሪያ አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ተዘለለው ወደ ሦስተኛው ጫፍ፣ ወደ ኤሌክትሮስትሪክሽኑ መጠን የሚመለሱ ተመራማሪዎች አሉ። እኔም አካሄዳቸው ተገቢ ይመስለኛል፤ ይህ ቁጥር ከሙቀት ጋር ብዙም ስለማይለዋወጥ በእሱ የሚገኝ ትርፍ በሙቀት በቀላሉ አይጠፋም።

ይህ ቁጥር በአንዳንድ ፕላስቲኮች ከሴራሚኮቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፒቪዲኤፍ የሚባለው ፕላስቲክ ፒዬዞኤሌክትሪክ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1969 ጃፓናዊው ካዋይ አሳይቷል። የሚገርመው ምልክቱ አሉታዊ መሆኑ ነው፤ ሴራሚኩ በሚረዝምበት መስክ እሱ ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከዚህ ቤተሰብ የሆነ ፕላስቲክ በኤሌክትሮን ጨረር ከተመታ በኋላ 4 በመቶ ያህል ርዝመቱን ለወጠ። ሆኖም ፐርሚቲቪቲው ከሴራሚኮቹ እጅግ ስለሚያንስ ይህን ለማግኘት በጣም ከፍተኛ መስክ ይጠይቃል። ሦስቱንም ቁጥሮች አሟልቶ የያዘ ቁስ እስካሁን የለም።

ሌላው ያልተፈታ ጉዳይ እርሳስ ነው። ከፒዜድቲ ክብደት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ይህ ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን ገድቧል፤ የፒዬዞኤሌክትሪክ ሴራሚኮች ግን የሚተካቸው ስላልተገኘ ከሕጉ ነፃ ተደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የቶዮታ የምርምር ማዕከል ያለ እርሳስ የሠራው ሴራሚክ 416 ፒኮሜትር በቮልት ቢደርስም ፒዜድቲን ከሥራው አላፈናቀለውም። ለአልትራሳውንድ የሚቀርቡ እናቶች በዚህ አይስጉ፤ እርሳሱ በሴራሚኩ ውስጥ ታስሯል፣ ሴራሚኩም በፕሮቡ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ገላን አይነካም። ጉዳቱ የሚያሰጋው ቁሱ ሲመረትና አርጅቶ ሲጣል ነው።